ከአዋሽ እስከ ሰመራ፦ የዳጉ አማና

 

በ2017 ዓ.ም መስከረም ላይ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት መንቀጥቀጥ ስትጀምር ብዙ ሰው «ያልፋል» ብሎ ነበር። አላለፈም። ታኅሣሥና ጥር ላይ ንዝረቱ በቀን ደጋግሞ ይሰማ ጀመር። ቤቶች ፈረሱ፣ አስፋልት ተሰነጠቀ፣ በዶፋን ተራራ በኩል ከመሬት ውስጥ እንፋሎትና ጭስ በኃይል ወጣ። በአፋርም በኦሮሚያም ክልል በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ከቀያቸው ተነሱ። የካቲት 7 ሌሊት ላይ ደግሞ መጠኑ 6 የደረሰ መንቀጥቀጥ መጣ፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ።

መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ስልካችንም አላረፈም። እስቲ ከከሰም ግድብ በታች የሚኖሩትን ቤተሰቦች አስቡ። ግድቡ 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ እንዲይዝ የተሠራ ነው። ልጆቿን ሸራ ሥር ያስተኛች እናት ስልኳ ላይ «ግድቡ ተሰነጠቀ» የሚል አንድ መስመር ጽሑፍ ቢመጣላት ምን ታድርግ? ትሩጥ? ወዴት? በሌሊት? ጽሑፉን የላከላት ሰው የጎረቤቷ ልጅ ሊሆን ይችላል። እሱም ከሌላ ግሩፕ ያገኘውን ነው ያስተላለፈው። ክፋት ላይኖርበት ይችላል፤ «ሰው ይጠንቀቅ» ብሎ ነው። «ነገ በዚህ ሰዓት ይመታል» የሚለውን የሚያሰራጨውም እንደዚያው። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመጣበትን ሰዓት አስቀድሞ ቆርጦ መናገር የሚችል ሳይንቲስት ግን በዓለም ላይ የለም። ሰዓት ቆርጦ የነገራችሁን ሰው ሌላ ነገር ሳትጠይቁ ማቆም ትችላላችሁ።

በጣም የሚያሳዝነው ይህ በዳጉ አገር መሆኑ ነው።

ዳጉን የማያውቅ አንባቢ ካለ ባጭሩ እንንገር። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው አይተላለፉም። ይቆማሉ፣ ብዙ ጊዜም አረፍ ይላሉ፣ ከዚያም ወሬ ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት ጣለ? ሣሩ እንዴት ነው? ማን ታመመ፣ ማን ሞተ? የትኛው መንገድ ሰላም ነው? የጠፋ ግመል ታይቷል? ይህ የጊዜ ማሳለፊያ ጨዋታ አይደለም፤ ግዴታ ነው። ግዴታው ደግሞ ሥርዓት አለው። የሚናገረው ሰው በዓይኑ ያየውን ከሰማው ይለያል። ከሰማ ከማን እንደሰማ ይናገራል። የሚሰማውም ዝም ብሎ አይቀበልም፤ እየጠየቀ ያጣራል። ሐሰት የነዛ ሰው በባህሉ ይጠየቃል፣ ስሙም ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ዳጉው አይታመንም። በበረሃ ዳጉው የማይታመን ሰው ምን ማለት እንደሆነ አርብቶ አደር ያውቃል። በተሳሳተ ወሬ ከብቱን ይዞ ውሃ ወደሌለበት የተጓዘ ሰው ተመልሶ ላይመጣ ይችላል።

ሐዲስ ያጠና ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። «ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን ሰማ? ሰውየው እንዴት ያለ ነው?» የሚለው ጥያቄ የሙሐዲሶች ጥያቄ ነው። ኢስናድ ማለት ይኸው አይደል?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ አመፀኛ ሰው ወሬ ይዞ ቢመጣ አጣሩ ብሎ አዞናል፤ ምክንያቱንም አብሮ ነግሮናል፤ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን ኋላ እንዳንጸጸት ነው። ብዙ ሙፈሲሮች የአንቀጹን መነሻ ሲያወሱ ዘካ ሊሰበስብ ስለተላከ ሰው ይናገራሉ። ሰውየው ከመንገድ ተመልሶ «ዘካ ከለከሉኝ፣ ሊገድሉኝም ነበር» አለ። በዚህ ወሬ ምክንያት በአንድ ጎሳ ላይ ጦር ሊዘምት ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሲጣራ ግን ሰዎቹ አልከለከሉም። ልብ በሉ፤ ወሬውን ያመጣው መንገደኛ አልነበረም፤ የሕዝብ ሥራ ላይ የተመደበ ሰው ነው። የተቀመጠበት ቦታ ወሬውን እውነት አላደረገውም።

ሱረቱ ኒሳእ 83ኛው አንቀጽ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ሰሞን የወረደ ይመስላል። የጸጥታ ወይም የስጋት ወሬ ሲደርሳቸው ወዲያው የሚነዙ ሰዎችን ይወቅሳል። ወደ መልክተኛውና ጉዳዩን ወደያዙት ሰዎች ቢመልሱት ኖሮ መርምረው የሚያወጡት ሰዎች ባወቁት ነበር የሚል መልእክት አለው። ብዙዎቻችን ከዚህ አንቀጽ የስጋቱን ወሬ ብቻ እንይዛለን። አንቀጹ ግን የጸጥታውንም ጠቅሷል። «አበቃ፣ ሰላም ነው፣ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ» የሚል ያልተጣራ ወሬም ሰው ይገድላል። የተሰነጠቀ ግድግዳ ሥር ተመልሶ የሚተኛው ቤተሰብ የሚመለሰው በእንዲህ ዓይነቱ የምሥራች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። መንቀጥቀጡ በበረታበት ሰሞን «ይህ የእነ እገሌ ኃጢአት ቅጣት ነው» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎች «ለኢብራሂም ሞት ብላ ነው» አሉ። ወሬው የሳቸውን ቤት የሚያከብር ነበር፤ ዝም ቢሉ ማንም አይወቅሳቸውም። እሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት ሲሉ እንደማይጋረዱ፣ ከአላህ ምልክቶች መሆናቸውን ተናግረው ሰዉን ወደ ሶላትና ዱዓ መለሱት። በልጃቸው ሐዘን ውስጥ ሆነው ወሬ አስተካከሉ። እኛ የተፈናቀለ ሰው ላይ ፍርድ ለመስጠት ምን አስቸኮለን?

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። «ሙስሊሙ በሕዝባዊ ጉዳይ ይሳተፍ» ሲባል አእምሯችን ቶሎ ወደ ምርጫና ወደ ሥልጣን ይሮጣል። ከዚያ በፊት የሚመጣ ሥራ አለ፤ እሱም ምስክርነት ነው። ያየኸውን እንዳየኸው መናገር። በአፋር ይህ ሥራ ከአያት ከቅድመ አያት ወርዶ እጃችን ላይ ያለ ነው፣ ከዲናችንም ጋር አንድ ነው። የሚቀረን ከመንገድና ከዛፍ ጥላ ወደ ቀበሌው አዳራሽ፣ ወደ ወረዳው ጠረጴዛና ወደ ስልካችን ይዘነው መግባት ነው። እዚያ ስንገባ ግን ብዙ ጊዜ በር ላይ ጥለነው እንገባለን።

የት እንደምንጥለው ልንገራችሁ፤ የእርዳታ ስም ዝርዝር ላይ።

ጎርፍ ሲመጣ፣ ድርቅ ሲመጣ፣ ጦርነት ሲመጣ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ አንድ ወረቀት ይዘጋጃል። የአዋሽ ሸለቆ ሰው ይህን ወረቀት በደንብ ያውቀዋል። በክረምት ወንዙ ሞልቶ ከአሚባራ እስከ አሳይታ መንደር ሲያጥለቀልቅ ይዘጋጃል። በ2013 እና በ2014 ጦርነቱ አፋር ሲገባና ሕዝቡ ሲፈናቀልም ተዘጋጅቷል። የቀበሌ ሰው፣ ሽማግሌ፣ አንዳንዴም የመስጂድ ኮሚቴ ተቀምጦ የተጎዳውን ይመዘግባል። ስንዴው፣ ዘይቱ፣ ሸራው የሚወርደው በዚያ ወረቀት ነው። ታዲያ እዚያ ላይ የሌለ ቤተሰብ ይጻፋል፣ አራት ልጅ ስምንት ይሆናል፣ የኛ ጎሳ ሰው ሳይፈናቀል ይገባል፣ ወገን የሌላት ባሏ የሞተባት ሴት ትረሳለች። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያውቃል። ማንም አይናገርም። ስብሰባው በዱዓ ይዘጋል።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእ 135ኛው አንቀጽ በፍትሕ ላይ ቀጥ ብለን እንድንቆም፣ በራሳችን ላይ ቢሆን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ ቢሆን ለአላህ ብለን እንድንመሰክር አዞናል። ሀብታም ይሁን ድሃ ብሎም ጨምሯል፤ ለድሃ አዝኖ መዋሸትም የለም ማለት ነው። «ዘመዴ ነው፣ ድሃ ነው፣ ምን አለበት» የሚለው ሰበብ በአንድ አንቀጽ ተዘግቷል።

«የአፋርን ጎሳ አታውቁትም» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጎሳ ማለት ለአፋር ሰው ኢንሹራንሱ፣ ጠበቃው፣ ዘበኛው ነው። እውነት ነው። በመድዓው፣ ማለትም በአፋር ባህላዊ ሕግ፣ አንድ ሰው ሌላውን ቢጎዳ ካሳውን ብቻውን አይከፍልም። ጎሳው ያዋጣል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሰው በአንድ ቀን ስህተት ቤቱ እንዳይፈርስ ያደርጋል። ግን ካሳው የሚከፈለው እንዴት እንደሆነ አስተውሉ። መጀመሪያ መብሎው ይቀመጣል፤ ሽማግሎች ነገሩን ይሰማሉ፣ ምስክር ይጠየቃል፣ ጥፋቱ በስሙ ይጠራል። ጎሳው ልጁን የሚረዳው «ልጃችን አላደረገም» ብሎ በመካድ አይደለም፤ «አድርጓል፣ እዳውን አብረን እንከፍላለን» ብሎ ነው። እውነት ከተነገረ በኋላ የሚመጣ መረዳዳት ነው። ስም ዝርዝሩ ላይ የምናደርገው ሌላ ነው፤ እውነቱን ለመሸፈን ጎሳን መጠቀም። እሱ የመድዓ ልጅ አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወንድምህን በዳይም ሆነ ተበዳይ እርዳው ብለው ሰሃቦች «በዳዩን እንዴት እንርዳው?» ሲሉ ከበደሉ መከልከል መሆኑን ያስረዱት ለዚህ ነው።

ፊዕማን አስታውሱ። የእድሜ እኩዮች የሚተሳሰሩበትና እርስ በርስ የሚቆጣጠሩበት የአፋር ማኅበር ነው። ያጠፋ አባል የሚቀጣው በራሱ ጓደኞች ነው። ይህን ይዞ የኖረ ወጣት ከወረዳ ስብሰባ ላይ ተነስቶ «ይህ ስም ልክ አይደለም» ማለት ለምን ያቅተዋል? ከባህሉ የወጣ ነገር አልጠየቅነውም።

በዚያ ወረቀት ዙሪያ አንድ ሌላ ጉድለትም አለ። በየቤቱ ስንት ልጅ እንዳለ፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ የማን ፍየል እንዳለቀ፣ የትኛዋ አሮጊት ብቻዋን እንደምትኖር ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ሴቶች ናቸው። መዝጋቢዎቹ ግን ወንዶች ናቸው። መብሎ ላይ ሴት አትቀመጥም የሚለውን ልማድ ሰምተናል። በሁለተኛው የዐቀባ ቃል ኪዳን ሌሊት ከመዲና ሰዎች ጋር ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንደኛዋ ኑሰይባ ቢንት ከዕብ (ረ.ዐ) ናት። ያ ሌሊት የአንድ ከተማ እጣ የተወሰነበት ሌሊት ነው። በሑደይቢያ ሰዉ ሁሉ በሐዘን ደንዝዞ ትእዛዝ ሳይፈጽም ሲቀርም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የኡሙ ሰለማን (ረ.ዐ) ምክር ሰምተው ነገሩን ፈቱ። ቢያንስ ዝርዝሩ ከመፈረሙ በፊት ለመንደሩ ሴቶች ተነቦ «የቀረ አለ? የተጨመረ አለ?» ይባል። ግማሽ ቀን አይፈጅም።

አሁን ወደ ከተሞቹ እንምጣ። አዋሽና ሰመራ በአንድ ክልል ውስጥ ቢሆኑም ለሙስሊሙ የሚያቀርቡት ፈተና አንድ አይደለም። በመካከላቸው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ልጅ ናት። በጅቡቲው ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ያደገች፣ ኋላም መንገዱ ለሁለት የሚከፈልባት ከተማ ሆነች፤ አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር፣ ሌላው በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሰመራና ወደ ጋላፊ ይሄዳል። አፋሩ፣ አርጎባው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ጉራጌው አብሮ ይኖርባታል። የቦቴው ሹፌርና ረዳቱ አድረውባት ያልፋሉ። እንዲህ ባለ ከተማ የውሃው ቧንቧ ሲቋረጥ የሙስሊሙ ቤት ብቻ አይደርቅም። «ከነሱ ጋር በአንድ ኮሚቴ እንዴት እንቀመጣለን?» የሚል ጥያቄ ከአንዳንድ ወጣቶች ይመጣል። መልሱ ሒልፍ አል-ፉዱል ነው።

ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ነብይ ከመሆናቸው በፊት፣ በወጣትነታቸው፣ አንድ የየመን ነጋዴ ዕቃውን መካ ውስጥ ሸጦ ገንዘቡን ተከለከለ። የከለከለው ከከተማዋ ትላልቅ ሰዎች አንዱ ነበር። ነጋዴው በመካ ጎሳ የለውም፤ ማንን ይጥራ? ጮኸ። የተወሰኑ የቁረይሽ ቤተሰቦች በዐብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ የመካ ሰውም ይሁን እንግዳ የተበደለ ሁሉ ሀቁ እስኪመለስለት አብረውት እንደሚቆሙ ተማማሉ። ነብያችን እዚያ ነበሩ። ከነብይነት በኋላም ያንን ቃል ኪዳን በክብር አነሱት፤ በእስልምና ዘመንም ለእንዲህ ያለው ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናገሩ። የተማማሉት ሰዎች ሙስሊሞች አልነበሩም። ቤቱም መስጂድ አልነበረም። ጉዳዩ ሀቅ ነበር። በአዋሽ ያ የየመን ነጋዴ ዛሬ ማን ነው? ወገን የሌለው የቀን ሠራተኛ፣ ከሌላ ክልል መጥታ ሻይ የምትሸጥ ልጅ፣ መንገድ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት ዕቃው የተዘረፈ ሹፌር። ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም ብለን ከጠየቅን ያን ቃል ኪዳን አልተረዳነውም።

ሰመራ ሌላ ነው። ሰመራ ከአሳይታ በኋላ የክልሉ መቀመጫ የሆነች፣ ቢሮ የበዛባት፣ ከ2000 ዓ.ም ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። አዲስ አበባ ላይ የሙስሊሙ ሕዝባዊ ተሳትፎ ታሪክ በአብዛኛው የአቤቱታ ታሪክ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሞች 13 ጥያቄ ይዘው አደባባይ ወጡ፤ ክርስቲያን ወንድሞችም አብረዋቸው ወጡ። በዚያው ዓመት ማግሥት ኢዶቻችንና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ሆኑ። በ2004 «ድምፃችን ይሰማ» ተባለ፤ ሰዉ በየጁምዓው በሰላም ቆመ፣ ብዙዎች ታሰሩ። የያኔው አንዱ ጥያቄ የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ሳይሆን በመስጂድ ይካሄድ የሚል ነበር፤ በ2017 ነሐሴ ሰዉ በየመስጂዱ መረጠ። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1207ም መጅሊሱን በአዋጅ የታወቀ ሕጋዊ ሰውነት ሰጠው። ይህ ሁሉ «ስሙን» ብሎ የመጣ ነው።

ሰመራ ላይ ግን «ስሙን» የሚባለው ሰው ማን ነው? ወንበሩ ላይ ያለውና ወረፋው ላይ ያለው ጁምዓ በአንድ ሶፍ ይቆማሉ። ትከሻ ለትከሻ። ስለዚህ ጥያቄው ይገለበጣል። በደል ሲኖር «ሙስሊም ስለሆንን ነው» ማለት አይቻልም። በዳዩ ራሱ ከፊታችን ሱጁድ ያደርጋል። የሰመራ ሙስሊም ተሳትፎ የአማና ፈተና ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ ይህኛው ከአቤቱታው ይከብዳል። በደለኛ መንግሥት ፊት መቆም ድፍረት ይጠይቃል፤ የአክስትህ ልጅ ቢሮ ገብተህ «የወሰድከውን መልስ» ማለት ግን ከድፍረት በላይ ይፈልጋል።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢብን አል-ሉትቢያ የተባለን ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ላኩት። ተመልሶ «ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው» አለ። ሚንበር ላይ ወጥተው ለሕዝቡ ተናገሩ። በአባቱና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያም ያለ ሀቁ የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን የወሰደውን፣ ግመልም ይሁን ላም ወይም ፍየል፣ እየጮኸ በአንገቱ ተሸክሞ እንደሚመጣ አስጠነቀቁ። ግመል፣ ላም፣ ፍየል። ለአፋር ሰው ይህን ማስተርጎም አያስፈልግም። ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም ላይ አለ፤ ኢማሞቻችን በዓመት አንዴ እንኳ ሰመራ ላይ ኹጥባ ቢያደርጉት ምን አለበት?

ሥልጣን አትፈልጉ ማለታችን አይደለም። ነብዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የግብፅን ግምጃ ቤት እንዲሾሙት ሲጠይቁ ሁለት ነገር ጠቀሱ፤ ጠባቂነትና ዕውቀት። ጎሳቸውን አልጠቀሱም፤ በዚያ አገር ጎሳም አልነበራቸው። ነብያችን ደግሞ ለአቡ ዘር (ረ.ዐ) ሹመት አማና መሆኑን፣ በሀቁ ይዞ ግዴታውን ካልተወጣ በስተቀር በቂያማ ውርደትና ጸጸት እንደሚሆን ነገሯቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ያዙ። የሚችል ይግባ፤ የማይችል በአጎቱ ስልክ አይግባ።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን፣ በአንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብትን ሰጥቷል። አንቀጽ 34 ንኡስ አንቀጽ 5 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የቤተሰብ ጉዳይ በሸሪዓ እንዲዳኝ መንገድ ከፍቷል። አንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። ይህ በሁለቱም በኩል ይሠራል። ባለሥልጣን ኹጥባ አይጽፍልንም፤ ኢማሙም ሚንበር ላይ ሆኖ እገሌን ምረጡ አይልም። ድምፅህን አትሽጥ፣ በሐሰት አትመስክር፣ ካርድህን ሌላ ሰው እንዲይዝልህ አትስጥ ማለት ግን የሱ ሥራ ነው።

በመጨረሻ ወደ ዳጉው። ኅዳር 14 ቀን 2018 በአፍዴራ በኩል ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ሕንድ ደረሰ። ዓለም ስለ አውሮፕላን በረራ አወራ። በየስልኩ የሌላ አገር እሳተ ገሞራ ምስልና በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል ዞረ። አመድ የለበሰ ሣር ላይ የቆመው የፍየል ባለቤት ግን የሚፈልገው ወሬ ሌላ ነበር፦ ንጹሕ ሣር የት አለ? ውሃው ይጠጣል? ለእንስሳቱ መኖ ይመጣል ወይ፣ ማን ነው የሚመዘግበው?

ለዚህ የሚሆን አሠራር በየመስጂዳችን መጀመር እንችላለን፤ ገንዘብ አይፈልግም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሦስት ሰው ይመረጥ፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ የስልኩን ነገር የሚያውቅ ወጣት፣ ከሴቶች በኩል ደግሞ አንዲት እናት። ስለ አደጋ ወሬ ሲመጣ ሦስቱ ወደ ወረዳው አደጋ መከላከል ቢሮ ይደውሉ፤ መንቀጥቀጥ ከሆነ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኢንስቲትዩት ምን እንዳለ ይዩ፤ ያገኙትን በአማርኛም በአፋርኛም በድምፅ ቀድተው ለጀመዓው ይላኩ። ድምፁ ሲጀምር ሦስት ነገር ይበል፦ ያየነው ይህ ነው፤ የሰማነው ይህ ነው፤ የሰማነው ከእገሌ ነው። ያላረጋገጡትን «አላረጋገጥንም» ይበሉ፤ አያፍሩበት። ወሬው ሐሰት ሆኖ ከተገኘም በላኩበት ግሩፕ ላይ በዚያው ቀን ያርሙ። እናንተ ሌሎቻችሁ ደግሞ የሦስቱ ድምፅ ሳይመጣ ሼር አታድርጉ።

ከዚያ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ አንድ አርብቶ አደር ከዱብቲ ወይም ከሚሌ በኩል ከብቱን እየነዳ መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ፣ አረፍ ብሎ ወሬ ሲጠይቃችሁ፣ የምትሰጡት ዳጉ ይኖራችኋል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።